ንፋስ መውጫን ስጠኝ

«ዛሬ ገበያው ሲበተን ይለቃል» አለ አዳነ ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ። ስለ ነጠፈች ላም የሚያወራ ይመስል ነበር። «በቅሎ ከእስቴ አስመጥቷል አሉ። ሰኞ ጣራውን አነሣለሁ።» ሚስቱ ንግስት ምን እንደ መለሰች አልተሰማም፤ ድስት ስታማስል ብቻ ይሰማል። ከግድግዳው ወዲህ፣ እናታቸው በምትተኛበት ጓዳ ውስጥ፣ ታናሽ ወንድሙ ይርጋ በአንድ እጁ የሳል መድኃኒት ጠርሙስ፣ በሌላው ማንኪያ ይዞ ደርቆ ቀረ። የሚለቀው ሳሊም የሱፍ ነው፤ ጨርቅ ነጋዴው፣ በእነ ይርጋ የአባት ርስት ላይ በቆመው ቤት ከአባቱ ዘመን ጀምሮ በኪራይ የኖረው፣ የይርጋ የልብ ወዳጅ። አዳነ ልጁን ከፋሲካ በኋላ ሊድር ነው፤ ለሙሽሮቹ ጎጆ መቀለስ አለበት፤ ከገበያው አጠገብ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለውም። በዚህ ውስጥ ክፉ ነገር የለም፤ ልጅ መዳር ነውር ሆኖ አያውቅም። ይርጋን ያንገበገበው ሌላ ነው። የወዳጁን አገር መልቀቅ የሰማው በግድግዳ ቀዳዳ ነው።

«ምን ሆንህ?» አለችው እናቱ እመት አመተ ሥላሴ ከመደቡ ላይ።

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው ማንኪያ ይዞ አይገተርም» አለችና አፏን ከፈተች። መድኃኒቱን አጠጣት። መራራ ነው ብላ ፊቷን አጨፈገገች፤ ቀጥላም ካሴ ድሬሰሩ ሰውን የሚያድነው በመድኃኒት ሳይሆን በማስመረር ነው አለች። ይርጋ አልሳቀም። ወደ ውጭ ሲወጣ አዳነ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሞፈር እንጨት ይጠርብ ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች ተያዩ። አዳነ የሚናገረው ያለው መሰለ፤ ከዚያ ወደ ሞፈሩ ተመለሰ። ይርጋም የሚጠይቀው ነበረው፤ «ደኅና ዋል፣ አያ» ብሎ ወጣ። በዚያ ቤት ትልልቁ ነገር ሁሉ የሚያልፈው እንዲህ ነው፤ አንዱ ሲጠርብ፣ ሌላው ደኅና ዋል ሲል።

ይርጋ የንፋስ መውጫ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ባላገሩ እየመጣ ቅድመ አያቱን ሲቆጥር፣ ርስቱን ሲጠይቅ፣ እርሱ ይጽፋል። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌም እገሊትን ወለደ፤ አጥንት ያልቆጠረ ሰው አንድ ስንዝር መሬት አያገኝም። ወጣት ሳለ ቤተ ልሔም ድጓ ሊማር ሄዶ ነበር፤ ድምፁ ሻካራ ስለ ነበረ ዜማው እምቢ አለውና ዕቃ ቤት እየገባ የነገሥታት ታሪክ ሲያነብብ ከረመ። ሚስቱን ከፈታ ወዲህ የሚኖረው ብቻውን ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ሥዕል፣ ከሥዕሉ ሥር ከኬሻ የተሠራ መጋረጃ። ይህ ሁሉ ደስታ የሚያስገኝ ነገር አይደለም። የይርጋ ደስታ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በወይዘሮ ፋንቱ ጠጅ ቤት ነበር።

እዚያ ሦስት ሆነው ይቀመጡ ነበር፤ ይርጋ፣ ሳሊምና የክሊኒኩ ድሬሰር ካሴ። ይርጋና ካሴ በብርሌ ጠጅ ያዝዛሉ፤ ሳሊም እስላም ስለ ሆነ ፋንቱ ብርዝ ትበጠብጥለታለች፤ ያልፈላ፣ ጌሾ ያልነካው፣ እርሱ ብቻ በሚጠጣበትና ለብቻው መደርደሪያ ላይ በሚቀመጥ ብርጭቆ። ከዚያ የታሪክ ጥያቄ ይጀመራል። የእንቆቅልሽን ልማድ ከልጆች አፍ ነጥቀው የትልልቅ ሰዎች ጨዋታ አድርገውታል። አንዱ ይጠይቃል፤ የተጠየቀው ካላወቀ «አላውቅም» ይላል፤ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል፤ ተሸናፊው አገር ይሰጣል፤ አሸናፊውም አገሩን ከገዛ በኋላ መልሱን ይናገራል። የተሰጠው አገር ካልጣመው ሌላ መጠየቅ ይችላል፤ እስኪረካ ድረስ። ከሰሎሞን ዘር ሳይሆን በጎንደር ዙፋን የተቀመጠ ማን ነው? ዮስጦስ። ጎንደር ሳይቆረቆር ሱስንዮስ የት ይቀመጥ ነበር? ደንቀዝ። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ዓለምን ሁሉ ተሰጣጥተው ጨርሰዋል። ኢየሩሳሌም ከይርጋ ወደ ሳሊም፣ ከሳሊም ወደ ካሴ ዞራለች፤ ሮም የማን እንደ ሆነች እስከ ዛሬ ክርክር አለ። ካሴ የማያውቀውን ጥያቄ ሲጠየቅ ያልነበረ ንጉሥ ፈጥሮ ይመልሳል፤ ለፈጠረው ንጉሥ የፈረስ ስም ሳይቀር ያወጣለታል። ይርጋ ደግሞ «አላውቅም» ማለት ሞቱ ነው። ሲጨንቀው ሽንቴ መጣ ብሎ ይወጣና ከአጥሩ ሥር ቆሞ ያስባል። ሳሊም ሲሸነፍ ወዲያው «አላውቅም» ይላል፤ ሲያሸንፍም ዘፈን ያሰማል፦ «ጎንደር ገብቼ፣ ምን አጥቼ፣ ብርዝ ጠጥቼ» እያለ። ሌላው ሰው ጠጅ የሚልበትን እርሱ ብርዝ ሲል ፋንቱ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ትስቃለች።

ነገሩ የተበላሸው ከገና በፊት ነው። ያን ዕለት ሳሊም ጠየቀ፦ አፄ ፋሲል ዘንድ ከየመን ኢማም ተልኮ ጎንደር ድረስ የመጣው ሰው ማን ይባላል? ይርጋ መልክተኛ መምጣቱን ያውቃል፤ ስሙን አያውቅም። ወደ አጥሩ ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። ካሴ «አባ ድማሙ» የሚባል መልክተኛ ፈጥሮ ነበር፤ የሰማው የለም። በመጨረሻ ይርጋ ሳይወድ «አላውቅም» አለ። ሳሊም ተደሰተ፤ መልሱን አባቱ ወሎ ካሉ ሸኾች ሰምቶ ለልጁ ያቆየው ነበርና። «አገር ስጠኝ» አለ። ይርጋ ምጽዋን ሰጠው፤ አልፈልግም አለ። ሐረርን ሰጠው፤ አልፈልግም አለ። «ምን ትፈልጋለህ ታዲያ?» ሲለው ሳሊም ብርጭቆውን አስቀመጠና «ንፋስ መውጫን ስጠኝ» አለ። ፈገግ ብሎ ነበር፤ ግን ዓይኑ አይስቅም። ይርጋ «ሌላ ጠይቅ» አለው። ለምን እንዲህ እንዳለ ራሱም አያውቅም፤ ምናልባት ሳምንቱን ሙሉ ርስት ሲጽፍ ስለ ሰነበተ እጁ ተሳስቶ ይሆናል፤ ሮምን እንደ ቆሎ ዘግኖ የሰጠ ሰው ንፋስ መውጫ ላይ ሲደርስ እጁን ጨበጠ። ያኔ ካሴ ዝምታውን ሊሞላ ብሎ ሁሉም ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን ተረት ጣል አደረገ፦ «ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው።» ቤቱ ሳቀ። ይርጋም ሳቀ። ሳሊም ካሴን አላየውም፤ ያየው ይርጋን ነበር። ብርዙን ጨረሰ፣ ሒሳቡን ከፈለ፣ መልሱን ሳይናገር ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፋንቱ ቤት አልመጣም፤ ይርጋም አልጠየቀውም። መንገድ ላይ ሲገናኙ እግዜር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ ይባባሉና ያልፋሉ።

ገበያው ያን ቀን ሞልቶ ነበር። ከስማዳ ወገን ጤፍና ሽንብራ መጥቷል፤ የላይ ጋይንት ሰው ገብሱንና ድንቹን ዘርግቷል፤ ጨው ግን ተወዷል ይላሉ፤ ባለፈው ሳምንት በስሙኒ የሚሸጠው ስፍር ዛሬ ሠላሳ ሳንቲም ሆኗል፤ አንዲት ሴት ይህን ሰምታ «ከእንግዲህ በእንባ ማጣፈጥ ነው» ስትል ሻጩ ራሱ ሳቀ። ይርጋ በዚህ ሁሉ መካከል ሲዞር ቆይቶ እግሩ ሳሊም ሱቅ ደጃፍ አደረሰው። ሱቁ ገና ክፍት ነው፤ መደርደሪያው ግን ባዶ ሆኗል። አቡጀዲው፣ ካኪው፣ የሴቶቹ ጥለት፣ በተርታ ተሰቅሎ የነበረው ጃኖ የለም፤ በቦታቸው ጭቃው ላይ ነጣ ነጣ ያለ ምልክት ቀርቷል። የቀረውን ቁራጭ ጨርቅ ሚስቱ ሙሚና እየሸጠች ነበር፤ አንዲት ባላገር የምትከራከራት በአምስት ሳንቲም ነው፤ ሙሚና ሳትከራከር ለቀቀችላት። ይርጋ ይህን ሲያይ ልቡ ክፉኛ ተጎዳ። ሙሚና በአምስት ሳንቲም ሳትከራከር ስትሸጥ ታይቶ አይታወቅም።

ሳሊም ከውስጥ ጆንያ ተሸክሞ ሲወጣ ተገጣጠሙ። ይርጋ ገበያተኛ የሚለውን አለ።

«ክር አለ? ነጭ ክር።»

«አልቋል» አለ ሳሊም ጆንያውን እያወረደ። «ሁሉም አልቋል።»

«መቼ ይመጣል?»

ሳሊም ቀና ብሎ አየው። ሊስቅ ይሁን ሊቆጣ አይታወቅም ነበር። «ከኔ ዘንድ አይመጣም፤ እነ ቻላቸው ሱቅ ጠይቅ» አለውና ወደ ውስጥ ገባ። ይርጋ ባዶውን መደርደሪያ ትንሽ ሲያይ ቆመ። በዘመኑ ሁሉ የሞቱ ሰዎችን ስም ሲቆጥር የኖረ ሰው፣ በሕይወት ያለ ወዳጁ ፊት ቆሞ ክር ጠየቀ።

ፋንቱ ጠጅ ቤት ሲደርስ ካሴ ብቻውን ተቀምጦ አገኘው። ነጭ ካፖርቱን አላወለቀም፤ ኪሱ ላይ የአዮዲን እድፍ አለ። ይርጋ ገና ሳይቀመጥ ካሴ ጀመረው፦ «ፍጻሜ መንግሥት የተባለው ተክለ ጊዮርጊስ ስንት ጊዜ ዙፋን ወጣ?» ይርጋ ያውቀዋል፤ ስድስት ጊዜ ነው፤ ስድስት ጊዜ ወጥቶ ስድስት ጊዜ ወርዷል። ግን አልመለሰም። «ሳሊም ዛሬ አገር ሊለቅ ነው» አለ። ካሴ ብርሌውን ከአፉ አወረደ። ለምን ብሎ ጠየቀ፤ ይርጋ ስለ አዳነና ስለ ጎጆው ነገረው፤ ከዚያ ያን ቀን የጣለው ተረት ሳሊምን እንዳስቀየመው ነገረው። ካሴ ተቆጣ፤ ተረት እኔ አልፈጠርሁ፣ አያቴም ይተርቱት ነበር፣ ሳሊም ራሱ ስንት ጊዜ ሰምቶታል አለ። ከዚያ ዝም አለ። ካሴ ዝም ሲል ቤቱ የሌላ ሰው ቤት ይመስላል።

ፋንቱ ከጓዳ ወጥታ ደረቷ ላይ እጇን አጣምራ ቆመች። ወፍራም ናት፤ ቆጣ ስትል ድምፅዋ ይቀጥናል።

«ተረቱን ያመጣህ አንተ» አለችው ለካሴ፣ «የሳቅነው ግን ሁላችን ነን። እኔም እዚያ ጓዳ ሆኜ ስቄያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።» ወደ ይርጋ ዞረች። «አንተ ግን የሞተ ንጉሥ ሁሉ የት እንደተቀበረ ጠይቀሃል። እሱን ለምን ቀረህ ብለህ ጠይቀኸዋል? አንድ ቀን?»

ፋንቱ ወደ መደርደሪያው ሄዳ የሳሊምን ብርጭቆ አወረደች። ንጹሕ ነበር፤ አቧራ የሚባል የለበትም። በየቅዳሜው እያጠብሁ አስቀምጠው ነበር፣ ዛሬ ይመጣል፣ ዛሬ ይመጣል ስል፤ እንግዲህ የሱ ነው፣ ሲሄድ ይዞት ይሂድ፣ አድርስለት አለችና በመቀነቷ ጫፍ ወልውላ ለይርጋ ሰጠችው። ይርጋ ብርጭቆውን ተቀብሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ያዘዘውን ጠጅ ሳይቀምስ ወጣ። ሽንቴ መጣ አላለም።

የሄደው ወደ ሳሊም አልነበረም። ባዶ እጁን ሄዶ አዝናለሁ ቢለው ምን ይረባል? አዝናለሁ ቤት አይሆንም። መንገዱን ሁሉ ሲያሰላ ሄደ። ከአባታቸው የደረሰው ድርሻ ከወንዙ ዳር ያለው የገብስ ማሳ ነው፤ ለም ነው፣ እኩል አራሽ ያርሰዋል፣ የደመወዙን ጎዶሎ የሚሞላለት እርሱ ነው። አዳነ ያን ማሳ ከድሮ ጀምሮ ይመኘዋል፤ ተናግሮ አያውቅም እንጂ በዚያ ባለፈ ቁጥር እርምጃው ይዘገያል። ከደብረ ታቦር መንገድ ዳር ደግሞ የአዳነ ድርሻ የሆነች አንዲት ጭንጫ መሬት አለች፤ ገብስም ባቄላም እምቢ ያለች፣ ፍየል የማይቆምባት። ለእርሻ አትረባም። ለሱቅ ግን ማን ያህላታል፤ መንገደኛው ሁሉ የሚያልፈው በደጃፏ ነው።

አዳነ ሞፈሩን ጨርሶ ምሳ እየበላ ነበር። ይርጋ ከመሶቡ ራቅ ብሎ በርጩማ ላይ ተቀመጠና ነገሩን አወጣ። የወንዙን ማሳ ውሰድ፤ የመንገዱን ጭንጫ ስጠኝ፤ ሳሊም ቤት ይሥራበት፤ እስኪሠራ ድረስም ካለበት አታስነሣው፤ ሠርጉ እንደሆነ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ነው። አዳነ ጉርሻውን ዋጠ። ንግስት ውኃ ስትቀዳ እጇ ቆመ። ከዚያ ዝምታው መጣ፤ ያው የቤቱ ዝምታ። ግን ዛሬ ይርጋ ደኅና ዋል ብሎ አልተነሣም፤ ተቀምጦ ጠበቀው።

«አብደሃል» አለ አዳነ በመጨረሻ። «ያን ማሳ በጭንጫ?»

«አላበድሁም።»

«ለእስላም ርስት አይጻፍም። ጸሐፊው አንተ ነህ፤ ከኔ ይበልጥ ታውቃለህ።»

«ርስት ብዬ አልጽፍም። በኔ ድርሻ ላይ ቤት ይሠራል፤ የሚያስነሣው የለም። በቃ።»

«አንተ ስትሞትስ?»

ይርጋ ልጅ የለውም። ይህን ያሰበበት አልነበረም፤ ወይም አስቦ ዘልሎታል። ያኔ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና እመት አመተ ሥላሴ በትሯን ተደግፋ ወጣች። ከገና ወዲህ ከመደቧ ወርዳ አታውቅም ነበር፤ ንግስት ልትደግፋት ብትነሣ በትሯን ወዘወዘችባት። ጓዳ ተኝቼ ደንቁሬያለሁ መስሏችሁ ከሆነ አልደነቆርሁም አለች። የመንገዱ ጭንጫ በኔ በኩል የመጣ ነው፣ የእናቴ ነው፣ እኔ ደግሞ ገና አልሞትሁም፤ የሱፍ ያን ቤት ሲከራይ እኔ ሙሽራ ነበርሁ፣ ልጁ ሲወለድ እልልታውን ከዚህ ሰምቻለሁ፤ ከገበያው አጠገብ የተወለደ ሰው የት ነው አገሩ? በቅሎ ላይ ነው? ብላ ጠየቀች። አዳነን በበትሯ ጫፍ ጉልበቱን ነካችው።

«ዋስ ሁን» አለችው። «ወንድምህ ቢሞት አላስነሣውም በል። ልጆቼም አያስነሡትም በል። በሥላሴ በል።»

አዳነ መሶቡን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። ለረጅም ጊዜ እጆቹን አየ፤ የሞፈር እንጨት ስንጣሪ ተሰክቶበት ነበር። ይርጋ ወንድሙን ሲያይ ሰውየው ክፉ እንዳልሆነ ታየው፤ ሲጠርብ የኖረ፣ ልጁን ሊድር የፈለገ፣ ነገር መናገር የሚከብደው ሰው ነው። እርሱም ያው ነው፤ ልዩነታቸው ይርጋ የሚጠርበው በብዕር መሆኑ ነው።

«በሥላሴ» አለ አዳነ። «ይሁን። የወንዙን ማሳ ግን ይህን ክረምት እኔ ነኝ የማርሰው።»

«እረስ» አለ ይርጋ። ሳያስበው ተነሥቶ የወንድሙን ትከሻ ሳመ። አዳነ አፈረ፤ ስንጣሪውን በጥርሱ መንቀል ጀመረ።

ፀሐይ ወደ ደብረ ታቦር ዘንበል ስትል ገበያው መበተን ጀምሮ ነበር። ሳሊም ደጃፍ በቅሎዎቹ ተጭነው ቆመዋል፤ ሁለቱ ጨርቅ፣ አንዱ ድስትና ፍራሽ። ሙሚና የቤቱን ወለል ትጠርጋለች፤ ሰው የሚያፈርሰውን ቤት መጥረግ ምን ይሉታል ቢባል፣ አቧራ ትታ ሄደች እንዳይሉኝ ነው ትል ነበር። እስቴ መካነ ኢየሱስ ወንድሟ ሱቅ አለው፤ እዚያ ነው የሚሄዱት። ሳሊም ልብሱ ጉልበቱ ላይ አፈር ይዞ ነበር፤ ጠዋት ከከተማው ውጭ ካለው የእስላሞች መቃብር ሄዶ አባቱን ተሰናብቷል። ይርጋን ሲያይ የበቅሎውን መጫኛ ማጥበቁን አላቆመም።

«ክር የለም ብዬሃለሁ።»

«ክር አልፈልግም። ጥያቄ ጠይቀኝ።»

«ምን ጥያቄ?»

«ቅዳሜ ነው። ጠይቀኝ።»

ሳሊም መጫኛውን ለቀቀ። ዓይኑ ቀላ። «የካሴን ተረት ከጡት ጋር ነው የጠባሁት» አለ ቀስ ብሎ። «ገበያ ስወጣ ሰማሁት፣ ፍርድ ቤት ስቆም ሰማሁት፤ ከመስማቴ ብዛት ጆሮዬ ላይ አይቆምም። አንተ ስትስቅ ግን አየሁህ፣ ይርጋ። አንተ ባትስቅ ኖሮ ቅዳሜ እመጣ ነበር።»

«ስቄያለሁ» አለ ይርጋ። «ምን እንዳሳቀኝ ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታምሜያለሁ። ጥፋተኛ ነኝ። ጠይቀኝ።»

ሳሊም ወደ በቅሎዎቹ፣ ወደ ሙሚና፣ ወደ ባዶው ሱቅ አየ። ሙሚና መጥረጊያዋን እንደ ያዘች ቆማለች። ቢደክመው ይሁን ቢጨንቀው፣ ወይም ቶሎ ሊገላገለው ፈልጎ፣ ቄስ ትምህርት ቤት ያለ ሕፃን የሚያውቀውን ጠየቀው።

«የጎንደርን ግንብ ያሠራ ማን ነው?»

ይርጋ ወደ አጥሩ አልሄደም።

«አላውቅም» አለ።

ሳሊም ያልሰማ መሰለ። ይርጋ ደገመለት፤ አላውቅም፣ እምላለሁ አላውቅም። በቅሎ ነጂው በመገረም አየው፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የፋሲልን ግንብ አያውቅም የሚባል ወሬ ነገ እስቴ ይደርሳል። ሳሊም ከንፈሩን ነከሰ። የልማዱን ቃል ጉሮሮ ውስጥ እንደ ተሰነቀረ አጥንት አወጣው።

«አገር ስጠኝ።»

«ንፋስ መውጫን ሰጠሁህ።»

ከዚያ ይርጋ ሁሉንም ነገረው፤ ስለ ጭንጫው፣ ስለ ማሳው፣ ስለ እናቱ በትር፣ አዳነ በሥላሴ ስለ መማሉ። ከእውነቱ አልጨመረበትም፤ ርስት ብዬ ልጽፍልህ አልችልም፣ ልማዱ አይፈቅድም፣ ቤት የምትሠራበት ቦታና የሁለት ወንድማማች ቃል ነው ያለኝ አለው። ሳሊም ቃል ቃል ብቻ ነው፣ ስንቱ ከተማ በቃል ተሰጥቶኝ ነበር፣ የታለ? አለ። ሮም፣ ኢየሩሳሌም፤ እውነትም የት አሉ። ያኔ ሙሚና ጣልቃ ገባች።

«ጭንጫው ከመንገዱ በላይ ነው ወይስ በታች?» አለች።

«በላይ ነው» አለ ይርጋ።

«በላይ ከሆነ ክረምት ጎርፍ አያስቸግረውም» አለችና መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ሳሊም ሚስቱን አያት። ሙሚና የምትከራከርበት ጉዳይ ስታገኝ ፊቷ የሚበራ ሴት ናት፤ ገና ከአሁኑ በሩ በየት በኩል እንደሚሆን፣ ጣራው ሣር ይሁን ቆርቆሮ እያሰበች ነበር። ሳሊም ወደ በቅሎ ነጂው ዞረ። መጫኛውን ነካ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ነካ።

«ንፋስ መውጫ ገብቼ» አለ። «ንፋስ መውጫ ገብቼ፣ ምን አጥቼ…» ከዚያ በላይ አልሄደለትም። በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገና ነጂውን «አውርደው» አለው። ነጂው አጉረመረመ፤ ከእስቴ ድረስ በከንቱ መጣሁ ማለት ነው አለ፤ ሙሚና ራት በልተህ፣ በቅሎዎችህም ገብስ በልተው ትሄዳለህ ብላ አፉን ዘጋችው።

ይርጋ ሊሄድ ሲል ኪሱ ውስጥ ያለው ብርጭቆ ትዝ አለው። አውጥቶ ሰጠው፤ ፋንቱ ይዞት ይሂድ ብላለች አለው። ሳሊም ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። በየቅዳሜው እየታጠበ እንደ ቆየ ይርጋ አልነገረውም፤ ንጽሕናው ራሱ ይናገር ነበር። ሳሊም መልሶ ይርጋ እጅ ላይ አኖረው።

«መልስላት» አለ። «ቦታው ላይ ታስቀምጠው። ካሴንም ጥያቄ አዘጋጅ በለው፤ እውነተኛ ንጉሥ ይሁን።»

ይርጋ ብርጭቆውን ይዞ መንገድ ጀመረ። ጥቂት እንደ ሄደ ሳሊም ከኋላው ጠራው፤ ዞር ሲል ወዳጁ ፍራሽ ተሸክሞ ወደ ቤቱ እየገባ ነበር።

«ፋሲል ነው» አለው ከፍራሹ ሥር። «ግንቡን ያሠራው ፋሲል ነው። እንዳትረሳው።»